ሳክስፎን ከቡሹ በኋላ የሚቃኝበት ቦታ

ክራር የሚመታ ሰው ዜማውን ከመጀመሩ በፊት አውታሮቹን አንድ በአንድ ይቃኛል፤ ለትዝታ ከሆነ ለትዝታ፣ ለባቲ ከሆነ ለባቲ። ሳክስፎን ይህን ዕድል አይሰጥም። ተጫዋቹ የሚያንቀሳቅሰው ማውዝፒሱን ብቻ ነው፤ በአንገቱ ቡሽ ላይ ወደ ውስጥ ሲገፋው ድምፁ ከፍ ይላል፣ ወደ ውጭ ሲስበው ዝቅ ይላል። ለውጡ ግን በሁሉም ድምፅ ላይ እኩል አይደለም። የሚርገበገበው አየር አጭር በሆነባቸው ቀጫጭን ድምፆች ጥቂት ሚሊ ሜትር ጎልቶ ይሰማል፤ ቀዳዳዎቹ ሁሉ ተዘግተው በሚወጡት ወፍራም ድምፆች ግን እምብዛም አይታወቅም። በአንድ ኖታ ብቻ ተለክቶ «ተቃኘ» የተባለ ሳክስፎን በሌላው ኖታ ከቅኝት የሚወጣው ለዚህ ነው።

አዶልፍ ሳክስ በ1846 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ የፈጠራ መብት ያገኘበት ይህ መሣሪያ ከመነሻው አንዱን ለማግኘት ሌላውን በመተው የተሠራ ነው። የላይኛውን ኦክታቭ በሙሉ የሚያስተናግዱት ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ቢኖረው ኖሮ ሌላ ነገር በሆነ። በዚህም የተነሳ የኦክታቭ ቁልፉ ተጭኖ የሚወጡት ሬ እና ሚ ብዙ ጊዜ ወደ ላይ ይሸሻሉ። ብርድም የራሱ ድርሻ አለው፦ ቀዝቃዛ ሳክስፎን ዝቅ ብሎ ይጀምርና ትንፋሽ ሲያሞቀው ከፍ ይላል። ጀማሪው ይህን ሁሉ በከንፈሩ ንክሻ ሊያስተካክል ይሞክራል፤ ንክሻው ደግሞ ድምፁን ያቀጥነዋል፣ ያጠበዋልም።

ከመፍትሔዎቹ ሁሉ የላቀ ሆኖ የማገኘው ሲጉርድ ራሸር በ1941 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የማስተማሪያ መጽሐፍ ያስፋፋው ልምምድ ነው። ተማሪው የመሣሪያውን ወፍራም ሲ ቤሞል ይይዛል፤ ጣቶቹን ሳያንቀሳቅስ በጉሮሮውና በአፉ ውስጥ ቅርፅ ብቻ ኦክታቩን፣ ከዚያም በላዩ ያለውን አምስተኛ ድምፅ ያወጣል። የሚፈልገውን ድምፅ አስቀድሞ በውስጡ ካልሰማው አይወጣለትም። እንግዲህ ቅኝት የጆሮ ውሳኔ ነው፤ አፍና ትንፋሽ ውሳኔውን ይፈጽማሉ።

ጆሮው በምን ይሠልጥን? የቅኝት መለኪያው ቱነር ኦክታቩን ለ12 እኩል ግማሽ ቶኖች ይከፍላል። በዚህ ስሌት የሚገኘው ትልቁ ሦስተኛ ድምፅ፣ በተፈጥሮው ከሚስማማው በግማሽ ቶን 14 መቶኛ ያህል ይበልጣል። ማሲንቆ መቺ ጣቱን የሚያሳርፈው ጆሮው ባዘዘው ቦታ ነው፤ በተለይ አንቺሆዬን በፒያኖ ልክ ማሰር ጠባዩን ይነካዋል ብዬ አምናለሁ። ጌታቸው መኩሪያ ቴነር ሳክስፎን ከመያዙ በፊት ክራርና ማሲንቆ ተጫውቷል። በሰው ድምፅ የሚወረወረውን ሽለላ በሳክስፎን ሲያሰማን፣ በኖታዎች መካከል የሚንሸራተተውና የሚንቀጠቀጠው ድምፁ ቁልፎቹ ከሚሰጡት በላይ ነው። ይህን ከቅኝት መውጣት አድርጎ የሚቆጥር መምህር ከባድ ስህተት ይሠራል፤ ድምፁ የሚሄድበትን የሚያውቅ ሰው መንሸራተትና የሚያርፍበትን ያጣ ጀማሪ መዋለል አንድ አይደሉም።

ስለዚህ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶቻችን ቅደም ተከተሉን ቢቀይሩት እላለሁ፦ ተማሪው በማሲንቆ የተያዘ አንድ ረጅም ድምፅ እየሰማ የትዝታን ደረጃዎች በአፉ ያዚም፣ እነዚያኑ በሳክስፎኑ ቀስ ብሎ ይንፋ፤ ቱነሩን የሚመለከተው ከዚያ በኋላ ይሁን።