በ7 ፕሮቲኖች የተጀመረው መዝገብ

የፕሮቲን መረጃ ባንክ እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካው ብሩክሄቨን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ሲቋቋም የያዘው የ7 ፕሮቲኖችን ቅርጽ ብቻ ነበር። ዛሬ ከ200,000 በላይ ይዟል፤ ያውም ለማንም ክፍት፣ ያለ ክፍያ።

የአያያዙ ጥራት አንድ ፋይል ሲከፈት ይታያል። በዓሣ ነባሪ ጡንቻ ውስጥ ኦክስጅን የሚያከማቸው ማዮግሎቢን ፋይል ላይ እያንዳንዱ አቶም የራሱ መስመር አለው፦ ተራ ቁጥሩ፣ ስሙ፣ ከዚያም ቦታውን የሚያመለክቱ ሦስት ቁጥሮች። የመስመሩ ርዝመት 80 ፊደል የሆነው ያኔ መረጃ የሚያዘው ባለ 80 ዓምድ ካርድ እየተበሳ ስለነበር ነው።

የፕሮቲንን ቅርጽ ከአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል የሚተነብየው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም አልፋፎልድ የሠለጠነው በዚሁ መዝገብ ነው። አልፋፎልድን ያበለጸጉት ዴሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር በዚህ ሥራ የ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ተጋሪ ሆነዋል። የላባቸውን ውጤት ሳይሰስቱ ለመዝገቡ ያስረከቡት ተመራማሪዎችም ምስጋናው ይገባቸዋል።