ሁለተኛው ቅዳሜ የት ገባ?
(ስለ በጎ ፈቃድ ድርሰቶቻችን የቀረበ ሂስ)

በግቢያችን የሥነ ጽሑፍ ምሽቶች ከሚነበቡት ግጥሞችና አጫጭር ልብ ወለዶች መካከል፣ የፍቅሩን ጎራ ወደ ጎን ካደረግነው፣ ስለ በጎ ፈቃድ አገልግሎት የተጻፉትን የሚያህል ያለ አይመስለኝም። ለዚህች ቡለቲን ከሚደርሱን ጽሑፎችም ብዙዎቹ የዚሁ ወገን ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ተማሪው በሳምንት አንድ ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜ ጧት፣ ወደ አረጋውያን መጦሪያ፣ ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ወይም ወደ ሰፈር የወጣት ማዕከል ይሄዳል። ገላ ያጥባል፣ ጥፍር ይቆርጣል፣ ሽንኩርት ይልጣል፣ ለስምንተኛ ክፍል ልጆች ሒሳብ ያስጠናል። ማታ ዶርሙ ሲገባ ያየው ነገር እንቅልፍ ይነሣዋል፤ ብዕሩን ያነሣል።

ይህ ደግ ነገር ነው። ሆኖም ሥራው የተከበረ ስለሆነ ስለ ሥራው የተጻፈው ሁሉ ይከበር ማለት አይደለም። ስለ እናት የተጻፈ ግጥም እናት በመነሣቷ ብቻ ጥሩ ግጥም እንደማይሆን ሁሉ፣ የበጎ ፈቃድ ድርሰትም በርዕሱ ብቻ ከሂስ ሊያመልጥ አይገባም። እስከ ዛሬ ግን አምልጧል። ከመድረክ ሲነበብ እናጨበጭባለን፣ አንዳንዶቻችን እናለቅሳለን፤ «እስቲ ድርሰቱ እንዴት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ግን ጭካኔ ይመስለናል። ጭካኔ አይደለም። እንዲያውም ጥያቄው የሚመለከተው እኛን ብቻ ሳይሆን የተጻፈባቸውን ሰዎች ነው።

በመጀመሪያ የታሪኩን አወቃቀር እንመልከት። ወጣቱ በሩን አልፎ ይገባል። ሽታው ይቀበለዋል። ከጥግ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል፤ ዐይናቸው እንባ አቅርሯል። እጁን ይይዙታል። እግራቸውን ያጥባል። «የእኔም እናት እኮ እንዲህ ልትሆን ትችል ነበር» ብሎ ያስባል። እሳቸው ይመርቁታል፣ እሱ ያለቅሳል። ሲወጣ ፀሐይዋ ሌላ ሆና ታየዋለች፤ እሱም ሌላ ሰው ሆኗል። አለቀ። መጦሪያውን በሕፃናት ማሳደጊያ፣ አሮጊቷን በሕፃን፣ ምርቃቱን በሕፃን ፈገግታ ብትለውጡት ድርሰቱ ምንም አይጎድልበትም። ሰውየው ቢለወጥ የማይለወጥ ድርሰት ደግሞ ስለዚያ ሰው የተጻፈ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ጠፍቷል፤ እሱም ሁለተኛው ቅዳሜ ነው። ድርሰቶቻችን ሁሉ የመጀመሪያ ቀን ድርሰቶች ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ግን ጉብኝት እንጂ አገልግሎት አይባልም። አገልግሎቱ የሚጀምረው ተመልሰን ስንሄድ ነው። በሰባተኛው ቅዳሜ ሽታው አይሰማንም። የትኛው ቧንቧ ውሃ እንደሌለው፣ የትኛው አባት ጢማቸውን ከአንድ ልጅ በስተቀር ለማንም እንደማያስነኩ ዐውቀናል። ምርቃቱ አጥሯል፤ በምትኩ ወቀሳ መጥቷል። «ባለፈው ጥፍሬን አጥልቀህ ቆረጥከኝ» ይላሉ እማማ። «ያቺ ቀይዋ ልጅ ምነው ቀረች? ታመመች እንዴ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ እኛ ደግሞ ልጅቱ እንዳልታመመች፣ ዝም ብላ እንደተወችው እናውቃለን። ምን ብለን እንመልስ? ድራማ ከተፈለገ እዚህ አለ። ይህን የጻፈ ግን እስካሁን አላየሁም።

ለምን ሆነ? እንደ እኔ አስተያየት አንዱ ምክንያት የወረስነው ቅርጽ ነው። የኢትዮጵያ ተማሪ አገልግሎትን የተማረው ከረጅም ጉዞ ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወርዶ፣ አብዛኛው በመምህርነት፣ እንዲያገለግል ተደርጎ ነበር። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ 60,000 ገደማ ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ዘመተ። በ1971 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ስለ እነዚህ የፖለቲካ ክርክሩ ብዙ ነው፤ እኔ እዚህ የማነሣው የቅርጹን ነገር ብቻ ነው። ዘመቻ መነሻ አለው፣ መንገድ አለው፣ መድረሻ አለው፣ የስንብት እንባ አለው። ለትረካ የተመቸ ነው፤ ዘማቹም ሳይወድ በግዱ የታሪኩ ዋና ገጸ ባሕርይ ይሆናል።

ቅዳሜ ግን ዘመቻ አይደለም። ከስድስት ኪሎ በእግር ወይም በታክሲ ሄደን፣ ለምሳ ካፌ እንደርሳለን። አዝማች የለም፣ ግዴታ የለም፣ ስንብትም የለም፤ በሚቀጥለው ሳምንት እንመለሳለና። የዚህ ሥራ ውበቱ መደጋገሙ ነው፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው። እኛ ግን የአራት ሰዓቱን ቅዳሜ የዘመቻ ካባ እናለብሰውና ይሰፋበታል። ድርሰቶቹ የተጋነኑ የሚመስሉት ስሜታቸው ውሸት ሆኖ አይደለም። ልኩ ያልሆነ ልብስ ለብሰው ነው።

አሁን ከአወቃቀሩ ወደ ቋንቋው ልለፍ። ከነዚህ ጽሑፎች አንዱን አንሥታችሁ ግሦቹን ብቻ ልቀሙ፤ «አጠብናቸው፣ አበላናቸው፣ አጽናናናቸው፣ አሳቅናቸው፣ ተሰናበትናቸው»። የአሮጊቷ መኖሪያ የት ነው? «ኣቸው» ውስጥ ነው። በእኛ ግሥ ጅራት ላይ ተንጠልጥለው ይኖራሉ። እሳቸው ራሳቸው ባለቤት የሆኑበት ግሥ ስፈልግ በአብዛኛው የማገኘው ሁለት ነው፤ አለቀሱ፣ መረቁ። ሰማንያ ዓመት የኖሩ፣ ምናልባት ጠላ ጠምቀው ልጅ ያሳደጉ፣ ጎረቤት የቀበሩ፣ ዕድር የከፈሉ፣ የሰፈር ጠብ ያስታረቁ ሴት፣ በእኛ ገጽ ላይ ሁለት ግሥ ብቻ ቀራቸው። ድህነት ቤታቸውን ወሰደ እንበል፤ ግሣቸውን የወሰድነው ግን እኛ ነን።

የአክብሮቱም ነገር አለ። ቤቱ ውስጥ ሳለን «እማማ፣ እንዴት አደሩ? ውሃው አቃጠለዎት እንዴ?» እንላለን። አሳዳጊ የበደለው ካልሆነ በቀር ማንም እዚያ ገብቶ «አንቺ» አይልም። ግጥም ላይ ስንደርስ ግን «አንቺ ምስኪን»፣ «አንቺ የተረሳሽ» ይመጣል። በግጥም «አንቺ» ማለት የፍቅር ነው፤ እናትንም አገርንም «አንቺ» እንላለን የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ነገር ግን «አንቺ»ን ከ«ምስኪን» ጋር ስናጣምረው መቅረብ መሆኑ ይቀርና ከላይ ወደ ታች ማየት ይሆናል። በአንደበታችን የሰጠናቸውን አንቱታ በብዕራችን መልሰን የምንወስደው ለምንድን ነው? መልሱ ቀላል ይመስለኛል፤ እሳቸው ግጥሙን አይሰሙትማ!

በዚህ ረገድ ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች የተሻለ ነገር ያዩ ይመስለኛል። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ በኮሌጅ ቀን ያነበበው ግጥም ርዕሱ «ድሃው ይናገራል» ነው። ርዕሱን ብቻ ተመልከቱት። ባለቤቱ ድሃው፣ ግሡ መናገር። ዛሬ በእኛ እጅ ቢሆን ኖሮ ርዕሱ «ድሃውን ጎበኘሁት» ይሆን ነበር። እርግጥ ነው፣ ያኔም ቢሆን የተናገረው ተማሪው ነው፤ ድሃው አፍ አበደረ እንጂ ብዕር አልያዘም። የራስን ሐሳብ በሌላ ሰው አፍ የማስገባት አደጋ እዚያም አለ። ቢሆንም አድማጩ ድሃውን እንደ ከሳሽ እንዲሰማው እንጂ እንዲያዝንለት ብቻ አልተጋበዘም። በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ።

የተረዳው ሰው ሲናገር ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። በስድስት ኪሎ ለዐይነ ስውራን ተማሪዎች መጽሐፍ የሚያነቡ ልጆች አሉ። ይህም በጎ ፈቃድ ነው፤ ግን የእንባ ግጥም ሲጻፍለት ሰምቼ አላውቅም። ምክንያቱም አድማጩ አዛዥ ነው። «ድገመው»፣ «ይህን ዝለለው»፣ «ኧረ ቀስ በል፣ ነጠላ ሰረዙን ዋጥከው» ይላል። ብዙ ጊዜ ከአንባቢው ይልቅ ትምህርቱን የሚያውቀው እሱ ነው፤ አንባቢው ሳያስበው ለፈተናው ተዘጋጅቶ ይወጣል። ማን ማንን ረዳ? ጥያቄው አስቸጋሪ ስለሆነ የተለመደው ድርሰታችን ሊይዘው አልቻለም። ጥሩ ድርሰት የሚወለደው ግን ከእንዲህ ያለው አስቸጋሪ ጥያቄ ነው።

ሌላው የጎደለን ሳቅ ነው። መንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ»ን ሲጽፍ ገጠር ወርዶ ሕዝብ ላገልግል ያለውን የተማረ ሰው ጉዳይ ኮሜዲ አድርጎታል። ሳቁ ቁም ነገሩን አልቀነሰውም። እኛ ዘንድ ግን በጎ ፈቃደኛ አይሳቅበትም። ሽሮ ማማሰል የማይችል የአራተኛ ዓመት ተማሪ፣ ምሳ ላብስል ብሎ ገብቶ በእማማ ሲባረር አይጻፍም። መጦሪያ ውስጥ ደግሞ ቀልድ ሞልቷል፤ አባቶች እርስ በርሳቸው ይተራረባሉ፣ ለእኛም ቅጽል ስም ያወጡልናል። ይህን ሁሉ ትቶ እንባውን ብቻ መልቀም እውነቱን በግማሽ መንገር ነው።

አሁን ተቃውሞዎቹን ልስማ። «አንተ ሂስ ከምትጽፍ ሄደህ ብታጥብ አይሻልም?» ይባላል። ማጠብና መጻፍ አይጣሉም፤ ሁለቱንም በደንብ መሥራት ነው እንጂ። «ድርሰቱ ሌላውን ተማሪ ለሥራ ይቀሰቅሳል» ይባላል። ይቀሰቅሳል፣ ግን ወደ መጀመሪያው ቀን ነው የሚቀሰቅሰው። እንባና ምርቃት ተስፋ አድርጎ የሄደ ልጅ በአራተኛው ሳምንት ወቀሳና የተደፈነ ቧንቧ ሲያገኝ ይተወዋል። የፈተናው ሰሞን ሲመጣማ አውቶቡስ ሙሉ የነበረው ቡድን ሦስት ሰው ይሆናል። ከልጁ ስንፍና ጋር የድርሰታችንም እጅ አለበት፤ የሌለ ነገር ተስፋ ሰጥተነዋልና። «ብዙዎቹ ለሰርተፊኬት ነው የሚሄዱት» የሚለውን ወቀሳ ግን እኔ አልጋራም። ለሰርተፊኬትም ይሁን ለነፍስ፣ የሞቀው ውሃ ያው ሙቅ ውሃ ነው። ለሚታጠቡት ትልቁ ጉዳይ የሚያጥባቸው ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት መምጣቱ ነው።

የፎቶውን ነገር በዝምታ ባልፈው ደስ ባለኝ። ግን ግጥሙ በቴሌግራም ሲለቀቅ ከአሮጊቷ ፊት ጋር ሆኗል። እኚህ ሴት የማን እናት፣ የማን እኅት እንደሆኑ አናውቅም። እዚያ መግባታቸውን ከዘመድ የደበቁም ሊኖሩ ይችላሉ። ፈቃደኛ ማለት እኛ ብቻ አይደለንም፤ የእሳቸውም ፈቃድ አለ።

እንግዲህ መፍትሔው ምንድን ነው? የሳምንት አገልጋይ ከዘማቹ የሚበልጥበት አንድ ዕድል አለው፤ ተመልሶ ይሄዳል። ዘማቹ የጻፈውን ይዞ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ገበሬውን መልሶ ላያገኘው ይችላል። እኛ ግን ማክሰኞ የጻፍነውን ቅዳሜ ይዘን መሄድ እንችላለን። ስለዚህ ለዚህ ዓይነት ድርሰት አንድ መመዘኛ ላቅርብ። «እማማ፣ ስለ እርስዎ የጻፍኩትን ላንብብልዎት?» ብሎ አጠገባቸው ተቀምጦ፣ ድምፅን ከፍ አድርጎ፣ አንድም መስመር ሳይዘሉ ማንበብ ይቻላል ወይ? «ምስኪን» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ አንደበቱ የሚያያዝ ከሆነ ቃሉ ይሰረዝ። ሽታው ላይ ሲደርስ የሚያፍር ከሆነ እንደገና ያስብበት። እሳቸው «እንዲህ አላልኩም» ካሉ ያርም። «ይህን ደግሞ ጨምርበት» ካሉ፣ ያኔ ባለቤትም ግሥም ተገኘ ማለት ነው።

ይህች ቡለቲን በሚቀጥለው እትሟ በዚህ መመዘኛ ያለፉ ጽሑፎችን ብታስተናግድ መልካም ነው። የሰባተኛውን ቅዳሜ ታሪክ፣ የቀረችውን ልጅ ታሪክ፣ አባቶች ያወጡልንን ቅጽል ስም ጻፉ። ለጽሑፉ ጉዳይ የተጠየቁት ሰው እሺ ብለው፣ እናንተ ጸሐፊ ብቻ ሆናችሁ፣ ራሳቸው የሚናገሩት ቃል ቢመጣ ደግሞ የመጀመሪያው ገጽ ለእሱ ይሁን። ከመላካችሁ በፊት ግን አንድ ቅዳሜ ጠብቁና አንብቡላቸው።