ስቃይን የሚያስታግሰው አረንጓዴ ፈሳሽ

በሽታው የማይድን ሰው እንኳ ስቃዩ ሊቀልለት ይችላል። ኡጋንዳ ይህን በተግባር አሳይታለች። ዶክተር አን ሜሪማን እ.ኤ.አ. በ1993 ካምፓላ ውስጥ ሆስፒስ አፍሪካ ኡጋንዳ የተባለውን የማስታገሻ ሕክምና ድርጅት ሲመሠርቱ ዋና መሣሪያቸው ውድ ማሽን ሳይሆን በአፍ የሚወሰድ ፈሳሽ ሞርፊን ነበር። አዘገጃጀቱ ቀላል ነው፤ የሞርፊን ዱቄት በንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፣ እንዳይበላሽ ማቆያ ይጨመርበታል፣ ጥንካሬው እንዲለይም ቀለም ይገባበታል። አረንጓዴው ዝቅተኛው መጠን ነው። አስታማሚው በየ4 ሰዓቱ እየለካ ያጠጣል።

ይበልጥ የማደንቀው ግን ሕጉን ነው። ሐኪም በማይገኝበት ገጠር መድኃኒቱን ማን ይዘዝ? አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶችና ክሊኒካል ኦፊሰሮች ሞርፊን እንዲያዙ ፈቀደች። ነርሷ ቤት ድረስ ሄዳ ሕመሙ የት እንደሚጠና፣ ሌሊት እንቅልፍ መኖር አለመኖሩን ትጠይቃለች፤ ሞርፊን ሆድ ስለሚያደርቅም ማለስለሻ ትጨምራለች።

ሞርፊን ሱስ ያስይዛል በሚል ፍርሃት በካንሰር የሚሰቃይን ሰው ሲያቃስት ማሳደር ግፍ ነው። ሕመምተኛው ተኝቶ አድሮ፣ ከቤተሰቡ ጋር ተጫውቶ፣ ልጆቹን መርቆ እንዲሰናበት ማድረግ ራሱን የቻለ ሕክምና ነው፤ ለድሃ አገር አቅምም አይከብድም።