ገበያው ውስጥ የቀረችው እናት፦ ስታር ዋርስ ከጊደር መጋላ ሲታይ

ጊደር መጋላን በስም ብቻ የሚያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የከብት ገበያ ይመስለዋል። አይፈረድበትም። ጊደር በአማርኛ ገና ያልወለደች ላም ናት። ጀጎል ውስጥ ፈረስ መጋላ የሚባል አደባባይም አለ፤ እሱ በእርግጥ ስሙን ያገኘው ከፈረስ ገበያ ነው። በሐረሪ ቋንቋ ግን «ጊደር» ትልቅ ማለት ነው፤ ጊደር መጋላ ትልቁ ገበያ ነው። ይህን ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም። እዚያው ተቀምጣ ቅመም የምትሸጥ እናት መጠየቅ ይበቃል።

ከስታር ዋርስ ፊልሞች ጋር ያለኝ ጠብ የሚጀምረው ከዚሁ ከስም ነው። ሉክ ስካይዎከር ያደገባት ፕላኔት ታቱዊን ስሟን የወሰደችው በደቡብ ቱኒዚያ ካለችው ከታታዊን ከተማ ነው። ታታዊን በአገሩ የበርበር ቋንቋ «ምንጮች» ወይም «ዓይኖች» ማለት ነው፤ እኛም «የውሃ ዓይን» እንደምንለው። ፊልሙ ውስጥ ግን ታቱዊን ውሃ የማይታይባት፣ ገበሬዎቿ እርጥበት ከአየር ላይ የሚያልቡባት በረሃ ናት። ምንጭ የሚል ስም ለደረቅ ምድር! ቃሉ የተወሰደው ለድምፁ ነው፤ ትርጉሙ እዚያው ቱኒዚያ ቀረ።

ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ግን ከመጀመሪያው ፊልም ከ1977 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ይሄ ተከታታይ ድሃ ፕላኔቶቹን የሚሠራው እንደኛ ካሉ ከተሞች ነው፦ የጭቃና የድንጋይ ግንብ፣ ጠባብ መተላለፊያ፣ ጥላ ፍለጋ የተጠጋጋ ሱቅ፣ በአንድ ጉልት አምስት ቋንቋ። ስለዚህ ጊደር መጋላን የሚያውቅ ተመልካች አንድ ጥያቄ የመጠየቅ መብት አለው። ገበያውን ከወሰዳችሁ፣ ሰዎቹን የት አደረጋችኋቸው?

መጀመሪያ የሚመሰገነውን እናመስግን። ጆርጅ ሉካስ የወደፊቱን ዓለም አሮጌ አድርጎ ማሳየቱ ትልቅ ግኝት ነበር። ከሱ በፊት በብዙ ፊልሞች መንኮራኩር እንደ ሆስፒታል ወለል የሚያብለጨልጭ ነበር፤ የሱ ግን ዘይት ይተፋል፣ ይጨሳል፣ በጥፊ ካልተመታ አይነሳም። የፔጆ 404 ታክሲዎችን ለአሥርት ዓመታት እየጠጋገነ ሲያሽከረክር የኖረ የሐረር ሰው ሚሌኒየም ፋልከንን ሲያይ አስረዱኝ አይልም። ደሞ አንድ የምወዳት ቅንጣት አለች፦ ሉክ መኪናውን ሸጦ ሲመለስ አዲሱ ሞዴል ከወጣ ወዲህ ዋጋዋ ወደቀ ብሎ ያማርራል። በቃ፣ ይሄ የገበያ ሰው ንግግር ነው። የሚያሳዝነው ድርድሩን አለማየታችን ነው። ማን ገዛው? ስንት ተባባሉ? ፊልሙ ቸኩሏል፤ ልጁ መሄድ አለበት።

ቋንቋውም እንደዚያው ነው። የጃባ ዘ ሃት ንግግር መነሻው የደቡብ አሜሪካ ተራሮች ቋንቋ ኬችዋ ነው። የኢዎኮች ንግግር የተቀመመው ከካልሚክ ቋንቋ ነው። በ1983ቱ «ሪተርን ኦፍ ዘ ጀዳይ» ከላንዶ ጎን ተቀምጦ መንኮራኩር የሚነዳው ኒየን ነንብ ደግሞ ኪኩዩ ይናገራል፤ ድምፁን የሰጠው አሜሪካ ይማር የነበረ ኬንያዊ ነው። ኬንያ ውስጥ ይህን ፊልም ያዩ ሰዎች ምን እንደተሰማቸው ገምቱ፦ መላው ዓለም «የባዕድ ፍጡር ጩኸት» ብሎ የሰማውን እነሱ እንደ ጎረቤት ወሬ ሰሙት። ገበያ ላይ ግን ቋንቋ ድምፅ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ጊደር መጋላ ውስጥ ሐረሪ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ሶማሊኛ የሚቀያየሩት ለጌጥ አይደለም፤ ዋጋ ለመቀነስ፣ ዝምድና ለመቁጠር፣ አንዳንዴም ሦስተኛው ሰው እንዳይሰማ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፦ ወደ እናትየው።

የ1999ኙን «ዘ ፋንተም ሜናስ» ብዙ ሰው ይጠላዋል፤ ጃር ጃርን፣ የቀረጥ ክርክሩን፣ የልጁን ትወና። ለኔ ግን ከሁሉም ፊልሞች ገበያን በቁም ነገር ለመያዝ የቀረበው እሱ ነበር። ጀዳዩ ኳይ-ጎን የዋቶ ሱቅ ገብቶ የሪፐብሊኩን ገንዘብ ሲያቀርብ ነጋዴው እዚህ አይሠራም ይለዋል። በአስማት ሊያሳምነው ሲሞክርም አልሳካ ይለዋል። የማዕከሉ ብርም የማዕከሉ ሃይማኖትም ዳር አገር ሲደርሱ ዋጋ የላቸውም፤ እንዴት ያለ ሐሳብ ነው! ችግሩ ይህን እውነት የሚናገረው ነጋዴ አፍንጫው የረዘመ ስግብግብ ካርቱን መሆኑ ነው። ፊልሙ በወጣበት ዓመት ጭምር የዘር ፌዝ ነው ተብሎ ተወቅሷል፤ ወቀሳው ትክክል ነው። በዚያ ላይ የባሪያዎቹ ሰፈር የተቀረፀው በደቡብ ቱኒዚያ ክሳር ሀዳዳ በሚባል ቦታ ነው። እውነተኛው ክሳር የእህል ጎተራ ነበር፤ ሰው ለክፉ ቀን ያለውን የሚያስቀምጥበት። ካሜራው ግን ምንም የሌላቸው ሰዎች የሚታጎሩበት አደረገው።

እዚያ ሰፈር ውስጥ ሽሚ ስካይዎከር አለች። ልጇ አናኪን በውድድር ነፃ ይወጣል፣ እሷ ትቀራለች። ኳይ-ጎን ሁለቱንም ለማስያዝ ጠይቆ ነበር፤ ዋቶ እምቢ አለ፣ ዳይስ ተጣለ፣ ዕጣው ለልጁ ወጣ። እሺ፣ ያን ቀን አልተቻለም እንበል። በነጋታውስ? በዓመቱስ? አሥር ዓመት ሙሉ ከዚያ ሁሉ ጀዳይ አንድ ሰው እንኳ ለሷ አልተመለሰም። በ2002ቱ «አታክ ኦፍ ዘ ክሎንስ» አናኪን ራሱ ሲመጣ እናቱ ከባርነት ወጥታ አግብታ ያገኛል። ነፃ ያወጣት ክሊግ ላርስ የሚባል እርጥበት አልቢ ገበሬ ነው። የጋላክሲው የፍትሕ ጠባቂዎች ያላደረጉትን አንድ ገበሬ ከኪሱ ከፍሎ አደረገው። ያ ግዢ እንዴት እንደሆነ ግን አናይም፤ በወሬ ብቻ እንሰማለን። ሽሚን የምናያት በልጇ እቅፍ ስትሞት ነው፤ ልጁም በንዴት የገዳዮቿን ሰፈር ከሴት እስከ ሕፃን ይጨርሳል።

«ፊልም ነው ባክህ፣ ጀብዱ ነው፣ ስለ ገበያ የተሠራ ዶክመንተሪ አይደለም» የሚለኝ አይጠፋም። ግን ተከታታዩ ራሱ የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ነው። ዳርዝ ቬደር የሚባለው ጨለማ መጀመሪያ የሚታየው በዚያ ሰፈር፣ ለተረሳችው እናት በተከፈለው ደም ነው። ታሪኩ ይህን ያውቃል፤ ካሜራው ግን አያውቅም፣ ዓይኑ የሚሄደው ልጅ ላይ ነው።

የ2015ቱ «ዘ ፎርስ አዌክንስ» ይህን የሚያርም መስሎኝ ነበር። ሬይ ጃኩ በምትባል በረሃ ከወደቁ መርከቦች ብረት ነቅላ፣ አጥባ፣ ለኡንካር ፕለት ትሸጣለች። እሱ በመስኮቱ ሆኖ ዕቃውን እንደ ነገሩ ያይና ሩብ ራሽን ይሰጣታል። ቀደም ሲል የበለጠ ይከፍል እንደነበር ትነግረዋለች፤ መልስ የለም። ሚዛኑን የያዘው ሰው ዋጋ ሲቀንስ ምክንያት አይሰጥም፤ ይህን አንድ ኩንታል ቡና ወይም አንድ እስር ጫት ሸጦ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ሬይ ደግሞ መሄድ የማትፈልግ ጀግና ነበረች፤ ወላጆቿ ይመጣሉ ብላ ቀን በግድግዳ ላይ ትቆጥራለች። ከዚያ የ2019ኙ ፊልም መጥቶ የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ናት አለን። ኧረ ባካችሁ! ብረት ነቃይዋ በቂ አልነበረችም?

በ2016ቱ «ሮግ ዋን» ውስጥ ደግሞ ጄዳ አለች፦ በግንብ የተከበበች ቅድስት ከተማ፣ ተሳላሚና ነጋዴ የሚጋፋባት፣ በባዕድ ጦር የተያዘች። ይህን ሳይ ሐረርን አለማሰብ አልቻልኩም። ግንቧን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት፣ 82 መስጊድና 102 የአውሊያ መቃብር ስፍራ ተቆጥሮ በ2006 በዩኔስኮ የተመዘገበች ከተማ ናት። ጦር መጥቶባት ያውቃል፤ ከ1875 እስከ 1885 ግብፆች ይዘዋት ነበር። «ሮግ ዋን» ጄዳን ምን አደረጋት? የመሣሪያ መሞከሪያ። ገበያዋን ለጥቂት ደቂቃ አቋርጠን፣ ተኩስ አይተን፣ ከዚያ ከሰማይ ተመትታ ትጠፋለች። ያስመታት አዛዥ ፍንዳታውን እያየ ማማሩን ያደንቃል። ካሜራውም አብሮት ያደንቃል። ከጄዳ ነዋሪዎች ስሙን ይዘን የወጣነው የመቅደስ ጠባቂና ታጣቂ ብቻ ነው፤ አንድ ሻጭ እንኳ አናውቅም።

መልሱ የመጣው ከሲኒማ ሳይሆን ከተከታታይ ድራማ ነው። ከ«ሮግ ዋን» ጸሐፊዎች አንዱ የነበረው ቶኒ ጊልሮይ በ2022 «አንዶር»ን ሠራ፤ ፌሪክስ የምትባል የብረታ ብረት ሠራተኞች ከተማም አመጣ። እዚህ ሰው ሥራ ሲጨርስ ጓንቱን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፤ ሰዓት የሚነገረው ማማ ላይ ብረት በመቀጥቀጥ ነው። ወታደር ሲመጣ ሰፈሩ በሙሉ ብረት እየደበደበ ይጠራራል። የልብስ ሰፊዎች መንገድ በስፌት መኪናው ድምፅ መኪና ግርግር ተብሎ የሚጠራባት ከተማ ሰው ይህን ያለ ተርጓሚ ይገባዋል፦ ድምፁ የሥራው ነው፣ ስሙም የድምፁ።

ፌሪክስ ውስጥ ማርቫ የምትባል አሮጊት አለች፣ የካሲያን አሳዳጊ እናት። ልጁ እንሂድ ይላታል። አልሄድም ትላለች። ይህ «አልሄድም» በተከታታዩ ውስጥ አርባ አምስት ዓመት የዘገየ ቃል ነው። ፌሪክስ ውስጥ የሞተ ሰው አመድ ጡብ ሆኖ ከከተማው ግንብ ይገባል። በማርቫ ቀብር ላይ ቀድማ የቀዳችው ንግግር ለሕዝቡ ይሰማል፤ አመፁ ይነሳል፣ የሷው ጡብ የወታደር ራስ ላይ ያርፋል። ልጇ በዚያ ሰዓት የት ነው? ተደብቆ ሌላ ሰው እያወጣ ነው። ከተማዋ ያለ ጀግና ተነሳች። ሽሚ ዝም ብላ ቀረች፣ ማርቫ ቀርታ ተናገረች፤ በሁለቱ እናቶች መካከል ያለው ርቀት ከየትኛውም የመንኮራኩር ጉዞ ይረዝማል።

ለኛ ለምን ይሄ ሁሉ አሳሰበኝ? ምክንያቱም ነገ እዚህ አገር ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የሚሠሩት ልጆች ከነዚህ ፊልሞች ተምረው ነው የሚመጡት። ምን ይዘው እንደሚመጡ ያሳስበኛል። ሙከራው ተጀምሯል፦ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ በ2015 በአማርኛ በሠራው «ክራምብስ» ዳንኤል ታደሰ ከጥፋት በኋላ ባለች ኢትዮጵያ ይንከራተታል፤ የማይክል ጃክሰን ሸክላና የፕላስቲክ አሻንጉሊት እንደ ቅርስ የሚሸጥበት ሱቅ አለ። ባለሱቁ ለእያንዳንዱ ዕቃ ታሪክ ይናገራል፣ ዋጋው ከታሪኩ ጋር ይወጣል። እንደ ጊደር መጋላ ማለት ነው። ያም ፊልም ግን በሰማይ የተንሳፈፈች መንኮራኩር ላይ ዓይኑን ጥሎ ስለ መሄድ ያልማል።

መሄድ ኃጢአት አይደለም። ከኛ ከተማም ስንት ልጅ ሄዷል፤ ስንት ቤት ከስልክ ማዶ ባለ ድምፅ ይኖራል። ግን የሚቀጥለውን የስታር ዋርስ ፊልም ስታዩ፣ ጀግናው ገበያውን ሰንጥቆ ሲሮጥ ዓይናችሁን ከሱ ላይ አንሱና የተገለበጠባትን ጉልት ሴትዮ እዩ። ዕቃዋን ማን ሰበሰበላት? ማን ከፈላት? ይህን የሚነግረን ፊልም እስካሁን ብዙም አልተሠራም። የሚሠራው ሰው ከጀጎል ቢወጣ አይገርመኝም፤ መነሻውን በሩ ላይ ያገኘዋል።