አዝቴካን የሞሉት፣ መዝገብ የዘጋባቸው፦ የ1971ዱ የሜክሲኮ የሴቶች እግር ኳስ ውድድር ሲመረመር

ማርች 30 ቀን 2022 በካምፕ ኑ ስታዲየም ባርሴሎናና ሪያል ማድሪድ በሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ሲገናኙ 91,553 ሰው ጨዋታውን ተከታተለ። መገናኛ ብዙኃን ቁጥሩን በሴቶች እግር ኳስ ታሪክ ከፍተኛው አድርገው አስተጋቡት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ይኸው ክለብ ቮልፍስቡርግን ሲያስተናግድ 91,648 ተመልካች ገባና ክብረ ወሰኑ እንደገና ተሻሻለ ተባለ። ከዚያ በፊት የነበረው በ1999 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በካሊፎርኒያው ሮዝ ቦውል የተመዘገበው 90,185 ነው። ሦስቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ ሦስቱም ግን ከሜክሲኮ ሲቲ ያንሳሉ። ሴፕቴምበር 5 ቀን 1971፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 30 ቀን 1963 ዓ.ም.፣ ዴንማርክና ሜክሲኮ በአዝቴካ ስታዲየም ለሴቶች የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሲጋጠሙ 110,000 ያህል ሰው ስታዲየሙን ሞልቶት እንደነበር ይገመታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ሌሎቹ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ያህል ሕዝብ ያየው ውድድር እንዴት ከታሪክ ወጣ? የተለመደው መልስ «ተረሳ» የሚል ነው። እኔ በዚህ መልስ አልስማማም። መርሳት ሳይታሰብ የሚመጣ ነገር ነው፤ የሜክሲኮው ውድድር ግን በስብሰባ፣ በድምፅ ብልጫ፣ በእገዳ ደብዳቤና በቅጣት ማስፈራሪያ ከመዝገብ እንዲወጣ ተደርጓል። ዛሬ ታሪኩን ለመመለስ የሚደረገው ጥረት ደግሞ የስታዲየሙን ትዕይንት እያጎላ በውድድሩ ውስጥ ከተፈጸሙት ነገሮች ሁሉ ከባዱን፣ የሜክሲኮ ተጫዋቾችን የክፍያ ጥያቄ፣ ወደ ዳር የመግፋት አዝማሚያ አለው።

ውድድሩ ከባዶ አልተነሣም። በእንግሊዝ የዲክ ኬር ፋብሪካ ሴት ሠራተኞች ቡድን በ1920 የገና ማግስት ሊቨርፑል በሚገኘው ጉዲሰን ፓርክ በ53,000 ተመልካች ፊት ተጫውቶ ነበር። ዓመት ሳይሞላው፣ በዲሴምበር 1921፣ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ጨዋታው ለሴቶች እንደማይስማማ ገልጾ አባል ክለቦች ሜዳቸውን እንዳይሰጧቸው ወሰነ። እገዳው ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ጸና። ብራዚል በ1941 በአዋጅ ከለከለች፤ ክልከላው እስከ 1979 ቆየ። የምዕራብ ጀርመን ፌዴሬሽን በ1955 ያወጣውን እገዳ ያነሣው በ1970 ነው። ሴቶቹ ግን መጫወታቸውን አላቆሙም። የሚጫወቱት በኪራይ ሜዳ፣ በራግቢ ሜዳና በፋብሪካ ግቢ ስለነበር፣ ውጤታቸውን የሚመዘግብ ኦፊሴላዊ አካል አልነበረም።

ይህን ክፍተት በመጀመሪያ ያየው ነጋዴው ነው። ራሱን ነጻ የአውሮፓ የሴቶች እግር ኳስ ፌዴሬሽን ብሎ የሰየመ፣ ጣልያን ውስጥ የተቋቋመ ድርጅት በጁላይ 1970 የመጀመሪያውን የሴቶች የዓለም ዋንጫ አዘጋጀ፤ ገንዘቡ የመጣው ከመጠጥ አምራቹ ማርቲኒ ኤንድ ሮሲ ነበር። ቱሪን ላይ በተደረገው ፍጻሜ ዴንማርክ ጣልያንን 2 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ዴንማርክን የወከለው ቢኬ ፌሚና የተባለው የኮፐንሃገን ክለብ ነው። ሜክሲኮ ለደረጃ በተደረገው ጨዋታ እንግሊዝን 3 ለ 2 ረትታ ሦስተኛ ሆነች። ይህ ውጤት የሜክሲኮን የንግድ ሰዎች ዓይን ከፈተ፤ በዚያው ክረምት የወንዶቹን የዓለም ዋንጫ አስተናግደው፣ ግዙፉ ስታዲየም ባዶውን ቆሞ ነበርና።

በዚያን ጊዜዋ ሜክሲኮ ትልቅ ስፖርታዊ በዓል ማዘጋጀት ከፖለቲካ ነጻ አልነበረም። በ1968 ኦሊምፒክ ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ትላቴሎልኮ አደባባይ ላይ ተማሪዎች በጥይት ተደብድበዋል። የሴቶቹ ውድድር ከመጀመሩ ሁለት ወር በፊት፣ ጁን 10 ቀን 1971፣ በዋና ከተማዋ ሌላ የተማሪዎች ሰልፍ በደም ተበትኗል። ኦገስት 15 ቀን አዝቴካ ሲከፈት ሕዝቡ የመጣው ከዚህ ድባብ ውስጥ ነው። ፊፋ ውድድሩን አላወቀውም፤ የሜክሲኮ ፌዴሬሽንም ሜዳ የሚሰጡ ክለቦችን በቅጣት አስፈራርቷል። ዛቻው ያልሠራው ሴቶቹ በጀመሩት ትግል ኃይል ብቻ አልነበረም። አዝቴካ የቴሌቪዥን ባለሀብቶች ንብረት ስለነበረ የፌዴሬሽኑ ክንድ እዚያ አይደርስም። የውድድሩ ነጻነት በዚያው መጠን ጥገኝነትም ነበር፤ ከአንዱ ጌታ ያመለጠው በሌላው ትከሻ ላይ ሆኖ ነው።

ስድስት ቡድኖች ተሳተፉ፦ ሜክሲኮ፣ አርጀንቲና፣ እንግሊዝ፣ ዴንማርክ፣ ፈረንሳይና ጣልያን። ጨዋታዎቹ በሜክሲኮ ሲቲው አዝቴካና በጉዋዳላሃራው ሃሊስኮ ስታዲየሞች ተከፍለው ተካሄዱ። የአፍሪካም የእስያም ቡድን አልነበረም፤ «የዓለም» የሚለው ስም ከተሳታፊዎቹ ስፋት ይበልጥ ነበር፣ ይህንንም አለመሸፋፈን ይገባል። ጉዞውን፣ ማረፊያውንና ማሊያውን ስፖንሰሩ ማርቲኒ ኤንድ ሮሲ ቻለ። የግብ ቋሚዎቹ ሮዝና ነጭ ቀለም ተቀቡ፤ ሶቺትል የምትባል፣ ማሊያ የለበሰች ልጃገረድ የውድድሩ ምልክት ሆና ተሳለች። አዘጋጆቹ ተጫዋቾቹ ለቃለ መጠይቅ አምረው እንዲቀርቡ በልብስ መቀየሪያ ክፍሎቹ የውበት ሳሎን እንደሚኖር ለጋዜጠኞች ተናግረው ነበር። የሚሸጡት ሴትነትን እንደሆነ ለመደበቅ አልሞከሩም።

ሜዳው ላይ የታየው ግን በሮዝ ቀለም የሚሸፈን አልነበረም። የአርጀንቲናን ቡድን ብቻ እንውሰድ። ሴቶቹ ሜክሲኮ የደረሱት ያለ አሰልጣኝ፣ ያለ ሐኪም፣ ያለ ወጌሻ ነው። ከዓመታት በኋላ እንደተናገሩት ታኬታ ጫማ ያጠለቁት እዚያው ሜክሲኮ ነው። በመክፈቻው በአስተናጋጇ 3 ለ 1 ተሸነፉ። ኦገስት 21 ቀን ግን በዚያው አዝቴካ እንግሊዝን 4 ለ 1 ሲያሸንፉ አራቱንም ግብ ያስቆጠረችው ኤልባ ሴልቫ ናት። የወንዶቹ ብሔራዊ ቡድን ከአምስት ዓመት በፊት በ1966 ዌምብሌይ ላይ በእንግሊዝ ተሸንፎ፣ አምበሉ ራቲን ከሜዳ ተባርሮ፣ ቁጭቱ አገሩን ሲያንገበግብ ነበር። ሴቶቹ ያንን ድል ይዘው ሲመለሱ የጠበቃቸው ግን ዝምታ ነው። ዛሬ ኦገስት 21 በአርጀንቲና የሴት እግር ኳስ ተጫዋቾች ቀን ሆኖ ይከበራል።

የእንግሊዞቹ ታሪክ ሌላ ነው። ቡድኑን ያሰባሰበው ከሉተን የመጣው ሃሪ ባት ሲሆን፣ ከተጫዋቾቹ ሊያ ኬሌብ ገና 13 ዓመቷ ነበር። አምበሏ ካሮል ዊልሰን እንዳወሳችው፣ ሜክሲኮ ሲቲ ሲያርፉ የፎቶ ካሜራው ብልጭታ ሲበዛባቸው ከአውሮፕላኑ ውስጥ አንድ ዝነኛ ሰው ያለ መስሏቸው ነበር። ሜዳ ላይ አልቀናቸውም፤ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸነፉ። ቅጣቱ የመጣው ግን ከተጋጣሚ አይደለም። የአገራቸው የሴቶች እግር ኳስ ማኅበር ተጫዋቾቹን ለጊዜው አገደ፤ ባትን ከጨዋታው እስከ ወዲያኛው አባረረ፤ የባት ክለብም ፈረሰ። ልብ በሉ፣ ይህ ማኅበር የወንዶቹ ሳይሆን የሴቶቹ የራሳቸው ነበር፤ ከወንዶቹ ማኅበር እውቅና ለማግኘት በር እያንኳኳ ባለበት ሰዓት ከእሱ ፈቃድ ውጭ የሄዱትን እህቶቹን መቅጣት እንደ ዋጋ የቆጠረው ይመስላል። ልጆቹ ስለ ሜክሲኮ ለአሥርተ ዓመታት ሳይናገሩ የኖሩት ለዚህ ነው።

በግማሽ ፍጻሜ ሜክሲኮ ጣልያንን 2 ለ 1፣ ዴንማርክ አርጀንቲናን 5 ለ 0 አሸነፉ። ፍጻሜው እስኪደርስ በነበረው ጊዜ ነው የሜክሲኮ ተጫዋቾች ሁለት ሚሊዮን ፔሶ ካልተከፈለን አንጫወትም ያሉት። ስታዲየሙ ሲሞላ አይተዋል፤ ትኬቱን ማን እንደሚሸጥ ያውቃሉ፤ ስማቸውና ፎቶአቸው ጋዜጣ ሲያሻሽጥ ከርሟል። ለእነሱ የደረሳቸው ጭብጨባ ብቻ ነበር። እስከ ትናንት «የእኛ ልጆች» ሲላቸው የነበረው ፕሬስ በአንድ ጀምበር ፊቱን አዞረባቸው፤ ለአገር ክብር መጫወት ሲገባቸው ለገንዘብ አሰቡ ተባሉ። አዘጋጆቹ አልከፈሉም። ተጫዋቾቹ በመጨረሻ ያለ ክፍያ ወደ ሜዳ ገቡ፣ ዴንማርክም 3 ለ 0 አሸነፈች። ሦስቱንም ግብ ያገባችው የ15 ዓመቷ ሱዛን ኦጉስተሰን ናት።

ይህን ጥያቄ የውድድሩ እንቅፋት አድርጎ መተረክ የተለመደ ነው። በእኔ ንባብ የውድድሩን ትርጉም ከሁሉ በላይ የሚገልጠው እሱ ነው። ሮዝ ቋሚው፣ የውበት ሳሎኑ፣ ሶቺትል፣ ሁሉም ሴቶቹን እንደ ትዕይንት አቅርበዋል። የሁለት ሚሊዮን ፔሶው ጥያቄ ግን የመጣው ከራሳቸው አፍ ነው፤ የምንሠራው ሥራ ነው፣ ሥራ ደግሞ ደመወዝ አለው ማለታቸው ነበር። ተሸናፊነታቸውን ከድካም ወይም ከጭንቀት ጋር ለማያያዝ ማስረጃ የለኝም፣ አልሞክርምም፤ ዴንማርክ ጠንካራ ቡድን ነበረች።

ከፍጻሜው ሁለት ወር በኋላ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር አባላት የሴቶች እግር ኳስ በብሔራዊ ፌዴሬሽኖች ሥር እንዲገባ 31 ለ 1 ወሰኑ፤ የተቃወመችው ስኮትላንድ ብቻ ናት። ውሳኔው በወረቀት ላይ ድል ነው። በተግባር ግን ነጻ ውድድሮችን ያደረቀ፣ በምትካቸው ለረጅም ጊዜ ምንም ያላቆመ እርምጃ ሆነ። በእስያም የሴቶች ኮንፌዴሬሽን ከወንዶቹ ተለይቶ በ1975 በሆንግ ኮንግ የራሱን ሻምፒዮና አዘጋጅቶ ኒውዚላንድ ዋንጫውን በልታ ነበር፤ እሱም በኋላ በወንዶቹ ድርጅት ተዋጠ። በ1986 ሜክሲኮ ሲቲ በተደረገው የፊፋ ኮንግረስ ኖርዌያዊቷ ኤለን ቪሌ መድረኩ ላይ ወጥታ የሴቶች የዓለም ዋንጫ እንዲጀመር ጠየቀች፤ አዝቴካ ከሞላ ከ15 ዓመት በኋላ፣ በዚያው ከተማ። በ1988 በቻይና የሙከራ ውድድር ተደረገ። በ1991 ይፋዊው ውድድር ሲመጣ ጨዋታው 80 ደቂቃ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ፤ ስሙም «የዓለም ዋንጫ» አልነበረም፣ የጣፋጭ ስፖንሰር ስም የያዘ ሻምፒዮና ነበር። ንግድን ሰበብ አድርጎ ሜክሲኮን የናቀው ድርጅት ሃያ ዓመት ቆይቶ ያዘጋጀው ይህንን ነው።

በመዝገቡ ላይ አንድ ቅራኔ አለ፣ ለክርክሬ ከማንኛውም ቁጥር ይበልጣል። ኤፕሪል 17 ቀን 1971 በሰሜን ፈረንሳይ አዝብሩክ ከተማ ፈረንሳይ ኔዘርላንድስን 4 ለ 0 አሸንፋለች። ፊፋ ይህን ጨዋታ የመጀመሪያው እውቅና ያለው የሴቶች ዓለም አቀፍ ግጥሚያ ብሎ ይቆጥረዋል። ጨዋታው ግን ለሜክሲኮው ውድድር የተደረገ ማጣሪያ ነበር! ማጣሪያው ይፋዊ፣ የተጣራለት ውድድር ደግሞ የሌለ ሆኖ ተጻፈ። እውቅና ሜዳ ላይ የተደረገውን ሳይሆን የአዘጋጁን ማንነት እንደሚከተል ከዚህ የበለጠ ምስክር አላገኘሁም።

በ2023 የወጣው «ኮፓ 71» የተሰኘው የራሼል ራምሴይና የጄምስ ኧርስኪን ዘጋቢ ፊልም ለዚህ ታሪክ ትልቅ ውለታ ውሏል። በ1999 ዋንጫ ያነሣችው አሜሪካዊቷ ብራንዲ ቻስቴን የአዝቴካን ምስል አይታ ስትደነግጥ እናያለን፤ ያ ድንጋጤ የመዝገቡን ጉድለት በአንድ ጊዜ ያስረዳል። ሆኖም የፊልሙ ስበት በሕዝቡ ብዛት ላይ ያርፋል። 110,000 ግምት ነው፣ ግምትነቱም ሊነገር ይገባል። ከዚህም በላይ፣ ውድድሩ ዋጋ ያገኘው ብዙ ሰው ስላየው ነው ካልን በአዘጋጆቹ ሚዛን እየመዘንን ነው፤ 3,000 ሰው ያየው ኖሮ የኤልባ ሴልቫ አራት ግቦች አይቀንሱም ነበር።

የክፍያው ጥያቄ በ1971 አልተቋጨም። በ2017 የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሰው የተመለሱት የዴንማርክ ሴቶች ከፌዴሬሽናቸው ጋር በክፍያ ስላልተስማሙ በኦክቶበር ከስዊድን ጋር የነበራቸውን የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሳይጫወቱ ቀሩ፤ ስዊድን በፎርፌ 3 ለ 0 አሸናፊ ሆነች። በዚያው ዓመት የአርጀንቲና ሴቶች አበላቸው ስላልተከፈለ አድማ መቱ። የሜክሲኮ የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ የተጀመረውም በ2017 ነው። በጣልያን ተጫዋቾቹ በሕግ ፕሮፌሽናል የሆኑት በ2022 ነው። የ1971ዱን ውድድር የሚያጠና ሰው ከግብ ዝርዝር ቀጥሎ መክፈት ያለበት የሒሳብ መዝገቡን ነው፦ ከኦገስት 15 እስከ ሴፕቴምበር 5 ሁለቱ ስታዲየሞች በትኬት ስንት አስገቡ፣ የቴሌቪዥኑና የስፖንሰሩ ገንዘብ የት ደረሰ፣ ሁለት ሚሊዮኑ ፔሶ ከዚያ ገቢ ውስጥ ስንተኛው እጅ ይሆን ነበር። ከተጫዋቾቹ በሕይወት ያሉት ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ መጠየቅ ያለባቸው አሁን ነው።