እሁድ የማን ነው?

«ኦን ኤኒ ሰንደይ»ን ያላየ የሞተር ሳይክል አፍቃሪ የለም ይባላል። ብሩስ ብራውን በ1971 (እ.ኤ.አ.፤ የውጭ ታሪክ ስናወራ ሁሉም እንደዚያው ነው) ያወጣው ዘጋቢ ፊልም ነው። ለኦስካር ታጭቷል። ስቲቭ ማክዊን ገንዘብ አውጥቶበታል፣ ራሱም ተወዳድሮበታል። አድናቂዎቹ «የነፃነት ፊልም» ይሉታል። እኔ ሦስት ጊዜ አየሁት፤ ሦስቱንም ጊዜ ኦቶና ተቀምጬ ነው፣ እና በእኔ ዓይን ነገርየው የጥገና ፊልም ነው። እውነት የሚናገረው ካሜራው ቅባት የነካው እጅ ላይ ሲቆይ ነው። ሰው ሲወድቅ ግን ፊቱን ያዞራል፤ ያውም እየሳቀ።

ከመጀመሪያው እንነሳ። ፊልሙ ሲከፈት ሕፃናት በብስክሌት አፈር ላይ እየተንሸራተቱ ትልልቆቹን ያስመስላሉ። ሶዶ ላደገ ሰው ይቺን ማንም አያስረዳውም። እኛ ብስክሌት እንኳ ሳይኖረን አሮጌ ጎማ በእንጨት እየነዳን፣ የሞተሩን ድምፅ በአፋችን እያወጣን፣ ማርሽ «ስንቀይር» ድምፁን ዝቅ እያደረግን ቁልቁለቱን እንወርድ ነበር። ብራውን ይሄን ያውቃል። ስለ ፍጥነት ከማውራቱ በፊት ስለ ምኞት ያወራል፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓይነት ውድድር ያሳየናል፦ በረዶ ላይ፣ በረሃ ውስጥ፣ እንደ ግድግዳ የቆመ ዳገት ላይ። አከርካሪው ግን የአፈር ሜዳ ውድድር ነው። ሜዳው ሞላላ ነው፤ አንዱ ዙር ግማሽ ማይል ወይም አንድ ማይል፣ መታጠፊያው ወደ ግራ ብቻ። ሞተሩ የፊት ፍሬን የለውም። ተወዳዳሪው በትልቁ ሜዳ ቀጥታው ላይ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ይበርና መታጠፊያው ሲደርስ የኋላውን ጎማ ሆን ብሎ ያንሸራትተዋል። መሪው ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ሞተሩ ወደ ግራ ይሄዳል። አቅጣጫ የሚጠበቀው ነዳጅ በመስጠትና በመቀነስ ነው። በግራ ጫማው ሥር ብረት ታስሯል፤ ያ እግር መሬቱን እየፋቀ ሦስተኛ ጎማ ይሆናል። ብራውን ይሄን በረጅም ሌንስ፣ ጊዜውን አዘግይቶ ሲያሳየው አፈሩ እንደ ውሃ ይረጫል። በጣም ያምራል። እዚህ ላይ የምከራከረው ነገር የለኝም።

ግን እኔን የታየኝ ክረምት ነው። ከሶዶ አስፋልት ወርዳችሁ ወደ ገጠር ቀበሌ ስትገቡ፣ ቀዩ አፈር ዝናብ ሲነካው ሳሙና ይሆናል። ሞተረኛው ከኋላው ሁለት ሰው፣ ከፊቱ አንድ ማዳበሪያ ድንች ጭኖ መታጠፊያው ሲደርስ ግራ እግሩን ያወርዳል፣ የኋላው ጎማ ሲሸሽ መሪውን በተቃራኒው ይሰጠዋል፣ የፊት ፍሬን ፈጽሞ አይነካም። ሞተሩ ሃርሊ አይደለም፤ ከ100 እስከ 150 ሲሲ የሆነች ቦክሰር ናት። ጥበቡ ግን አንድ ነው። እዚያ ነጥብና ዋንጫ ያስገኛል፤ እዚህ ታሪፉ ውስጥ ተካቷል።

ብራውን የመረጠው ጀግና መርት ላውዊል ነው። በ1969 የአሜሪካ ሻምፒዮን ስለነበር በ1970 ሞተሩ ላይ ቁጥር 1 ለጥፎ ይወዳደራል። የዚያ ዘመን ሻምፒዮና ቀልድ አልነበረም፦ የአንድ ማይል ሜዳ፣ የግማሽ ማይል፣ አጭሩ ሜዳ፣ ዝላይ ያለበት ሜዳ፣ በዚያ ላይ አስፋልት፤ ሁሉም ነጥብ ወደ አንድ ቋት ይገባል። ላውዊል ሞተሩን በቫን ጭኖ ከከተማ ከተማ ይነዳል፣ ይፈታል፣ ይገጥማል፣ ይወዳደራል፣ ይበላሽበታል። እንደገና ይፈታል። ዓመቱ ሲያልቅ ቁጥር 1ን ጂን ሮሜሮ ወሰደው።

ይሄ ነው ፊልሙን ከማስታወቂያነት ያዳነው። አንድ ዳይሬክተር ጀግናው ዓይኑ እያየ ሲሸነፍበት ሁለት ምርጫ አለው፦ ወደ አሸናፊው መዞር ወይም ከተሸናፊው ጋር መቆየት። ብራውን ቆየ። የሮሜሮን ድል አሳይቶን፣ ልባችንን ግን ላውዊል ጋ ተወው። ከፊልሙ ውጭ የሚታወቀው ታሪክም ነገሩን ያጎላዋል። ሃርሊ ዴቪድሰን ያን ዓመት ያወጣው ኤክስአር-750 ሲሊንደሩም ቴስታታውም ጊዛ ነበር። ጊዛ ሙቀት ቶሎ አይለቅም፤ ነዳጁ እስከ ጥግ ተከፍቶ ዙር ሲደጋገም ሞተሩ ይግላል፣ ጉልበቱ ይወርዳል፣ ሲብስም ይሰበራል። ፋብሪካው በ1972 ወደ አሉሚኒየም ለወጠው፤ ከዚያ በኋላ ያ ሞተር ለአሥርተ ዓመታት የአፈር ሜዳውን ገዛ። ላውዊል ቁጥሩን ያጣው ሁለት ዓመት ቀድሞ ስለደረሰ ነው ማለት ይቻላል። እኔ ኮድ ጻፊ ነኝ፤ የእኛ ሥራ መቶ ጊዜ ቢወድቅ መቶ ጊዜ ይነሳል። ፒስተን ግን ለእያንዳንዱ ሙከራ ከራሱ ላይ ይከፍላል።

ሁለተኛውን ጊዜ ያየሁት ከሠፈራችን መካኒክ ጋር ነው፤ ላፕቶፑን የመፍቻ ሳጥኑ ላይ አስቀምጠን። እንግሊዝኛውን አልተረጎምኩለትም፣ እሱም አልጠየቀኝም። (እሱ ጋራዥ ውስጥ አንድ ሞተር የሚፈታው በሦስት ቋንቋ ነው፦ ባለቤቱ በወላይትኛ ችግሩን ይናገራል፣ ዋጋው በአማርኛ ይከራከሩበታል፣ ዕቃው ደግሞ በጣሊያንኛ ይጠራል፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ።) ሰዎች ዳገቱ ላይ ሲንከባለሉ ስልኩን ያያል። ላውዊል ሞተሩ ላይ ሲጎነበስ ግን «መልሳት እስቲ» ይለኛል።

«ይሄ ሰውዬ ራሱ ነው የሚፈታው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ለምን እንደተሸነፈ ያውቀዋል።»

ስለ ፊልሙ ካነበብኩት ሁሉ ይቺን የሚያህል አላገኘሁም።

አሁን ወደማልወድለት ልምጣ። ለማያውቅ፦ ሶዶ ውስጥ «ኦቶና ገባ» ከተባለ ሠፈር ገባ ማለት አይደለም። ሆስፒታል ገባ ማለት ነው። የዩኒቨርሲቲው ሪፈራል ሆስፒታል እዚህ ነው፤ ከዞኑም ከሌላም ቦታ የተሰበረ ሰው ይመጣል። እዚህ ሠፈር ያደገ ልጅ ሞተር የሚባለውን ነገር በሁለት መልኩ ነው የሚያውቀው፦ በጋራዡ በኩልና በበሩ በኩል። በበሩ በኩል የሚገቡት ዕድሜያቸው ከእኔ የሚያንስ፣ እግራቸው በካርቶንና በነጠላ የታሰረ፣ ከኋላቸው እናታቸው ጫማዋን በእጇ ይዛ የምትሮጥ ልጆች ናቸው።

ብራውን «መበለት አድራጊው» የሚባለውን የዩታ ዳገት ሲያሳየን ሞተሮቹ በሰዎቹ ላይ ይገለበጣሉ፣ ተራኪው ያሾፋል፣ እኛም እንስቃለን። ጂም ራይስ ሳክራሜንቶ ላይ ወድቆ አፍንጫው ተሰብሮ በዚያው ቀን ተመልሶ ሲወዳደር እናደንቃለን። ተወዳዳሪዎቹ ራሳቸው ስለ ስብራት የሚያወሩት እንዲህ እንደሆነ ይገባኛል፤ ካልሳቁበት ነገ አይወጡበትም። ግን የቀልዱ ባለቤት ወዳቂው ነው፤ ካሜራው አይደለም። ጎማ ሲንሸራተት ጊዜውን የሚያዘገይ ፊልም፣ ሰው ሲወድቅ ለምን ይቸኩላል? ውድቀቱ ይታያል፤ ከውድቀቱ በኋላ ያለው ሰዓት ግን ተቆርጧል። ፊልሙ ውስጥ የምናየው ካል ሬይቦርን በ1973 መጨረሻ ኒውዚላንድ ውስጥ ሲወዳደር ሞተ። ብራውን ይሄን ሊተነብይ አይችልም፤ አልፈርድበትም። ግን ያን ቀን ሊያስታውሰን የሚችል አንድ ጸጥ ያለ ደቂቃ እንኳ አልተወልንም።

ሌላው ርዕሱ ነው። «በየትኛውም እሁድ» ማለት ነው፤ የትኛውንም እሁድ ብትመርጥ አንድ ቦታ ሰዎች ለደስታቸው ይነዳሉ። የማን እሁድ? ሶዶ ውስጥ እሁድ ለሞተረኛው ገበያ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውን ያደርሳል፣ ሲያበቃ ይመልሳል። የሚነዳው ሞተር ብዙ ጊዜ የራሱም አይደለም፤ ማታ ለባለቤቱ ገቢ ያስገባል። አዲስ አበባ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ ሞተር ሳይክል ሲታገድ ምክንያቱ ወንጀል ነበር። ፈቃድ የተሰጣቸው ቀሩ፣ ሌላው ቆመ። እንግዲህ ሞተር ላይ ያለ ወጣት በእኛ አገር ወይ ሠራተኛ ነው ወይ ተጠርጣሪ። ተጫዋች የሚባል ሦስተኛ ሳጥን የለም።

መጫወት የፈረንጅ ቅንጦት ነው እንዳትሉኝ ብቻ። አዊ ሂዱ። እንጅባራ ላይ ጥር 23 የሚወጣው ፈረስ ሌላውን ቀን ጭነት የሚያመላልስ፣ ሰው የሚያደርስ ነው፤ ያን ቀን ግን ተሸልሞ ይጋልባል፣ ሕዝብ ይወጣለታል። የሥራ እንስሳ አንድ ቀን ክብር ያገኛል። ደግሞ የሚገርመው፣ የአሜሪካ ትልልቆቹ የአፈር ሜዳዎች ለሞተር አልተሠሩም፤ የየግዛቱ የባዛር ሜዳ ላይ ያሉ የፈረስ መሮጫዎች ናቸው። ሞተሩ ፈረሱ በደለደለው አፈር ላይ ነው የሚንሸራተተው። ፈረሱን ያከበርን ሰዎች ሞተሩን ለማክበር ምን ጎደለን?

ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የ1970ዎቹ ሞተሮች «ቪንቴጅ» ተብለው የራሳቸው ውድድር አላቸው። ሰዎች ጡረታ ወጥተው ጋራዥ ውስጥ ዓመት ይፈጃሉ፣ ትክክለኛውን የዘመኑን ብሎን ፍለጋ። ትንሽ ያስቀኛል። ምክንያቱም እነዚያ ሞተሮች በጊዜያቸው ንጹሕ ዘር አልነበሩም፤ ፍሬሙ ከአንዱ፣ ሞተሩ ከሌላው፣ የተሰበረው በሳልዳቶሬ የተበየደ፣ ለዛሬ ማታ ይድረስ እንጂ ማን ግድ ይለዋል የተባለላቸው ናቸው። እሱን መንፈስ ማየት የፈለገ ሰው ኦቶና ይምጣ፦ የአንዱ ማርሚታ፣ የሌላው ቸርኬ፣ ከሦስት ሞተር ተዋጥቶ የተነሳ አንድ ሞተር። አሮጌ ሞተር ሞልቷል፤ ቪንቴጅ ግን የለም፤ ሞተር ቪንቴጅ የሚሆነው ከሥራ ሲያርፍ ነው፣ የእኛዎቹ ደግሞ አላረፉም።

የፊልሙ መጨረሻ ላይ ላውዊል፣ ማክዊንና ማልኮልም ስሚዝ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ዓላማ ይነዳሉ። ሁሉም የሚያስታውሰው ይሄን ነው፣ ፖስተር የሚሆን ነው። እኔ ግን ፊልሙ ውስጥ የሌለ ሌላ መጨረሻ አለኝ። ላውዊል አንድ ጓደኛ ነበረው፤ በ1967 ሚዙሪ ውስጥ ውድድር ላይ ወድቆ ክንዱን ያጣ። ላውዊል መወዳደር ካቆመ ከብዙ ዓመት በኋላ ለዚህ ጓደኛው እንደገና የሞተር መሪ የሚጨብጥበት ሰው ሠራሽ እጅ ሠራለት፤ ከዚያም ለሌሎች ክንዳቸውን ላጡ ነጂዎች መሥራቱን ቀጠለ። ብራውን የቆረጠውን ሰዓት ላውዊል በመፍቻና በሞርሳ መልሶ ቀጠለው ማለት ነው።

የእጁን ፎቶ ለመካኒኩ አሳየሁት። ስልኬን ተቀብሎኝ በሁለት ጣቱ አጎላውና «አሉሚኒየም ነው ብረት?» አለኝ።