ከሞሮዊንድ እስከ ስካይሪም፦ የአንድ ተከታታይ ጌም ቁልቁለት

ቤተስዳ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠራው «ዘ ኤልደር ስክሮልስ» የተሰኘ ተከታታይ ጌም እ.ኤ.አ. በ1994 በ«አሬና» ተጀመረ። በ1996 «ዳገርፎል»፣ በ2002 «ሞሮዊንድ»፣ በ2006 «ኦብሊቪየን»፣ በ2011 ደግሞ «ስካይሪም» ተከተሉት። ገበያው እየሰፋ ሄዶ ስካይሪም ብቻውን ከ60 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። በጌም ንድፍ ሙያ ሲመዘን ግን ከሞሮዊንድ ወዲህ ያለው ጉዞ ቁልቁለት ነው። የወረደው ምስሉ ወይም ውጊያው አይደለም፤ ለተጫዋቹ ማሰቢያ የሚተወው ቦታ ነው።

ይህ ጎልቶ የሚታየው መንገድ ፍለጋ ላይ ነው። በሞሮዊንድ መጀመሪያ ገደማ፣ ባልሞራ ከተማ ውስጥ ያለ አንድ ሰው ከጥንት ፍርስራሽ ትንሽ ሣጥን እንዲመጣለት ይጠይቃል። ቦታውን የሚያመለክተው በቃል ነው፤ ከከተማው ወጥቶ ምሽጉን ማለፍ፣ ከዚያም እሳተ ገሞራ የቦረቦረውን ሸለቆ በአሮጌው ድልድይ መሻገር። ተጫዋቹ የተነገረውን ማስታወሻው ላይ እያነበበ ዙሪያውን ይቃኛል፣ መንገድ ይስታል፣ ይመለሳል። ሲደርስም በሩ ዝግ ነው፤ የሚከፈተው አጠገቡ ባለ ቧንቧ ላይ ያለውን እጀታ አይቶ ሲያዞረው ነው።

ኦብሊቪየን ላይ ይህን ሥራ መድረሻውን የሚጠቁም የኮምፓስ ምልክት ወሰደው። ምክንያቱ የተጫዋች ስንፍና ብቻ ተደርጎ ሲነገር ይሰማል፤ ዋናው ግን የድምፅ ቀረጻ ይመስላል። የሞሮዊንድ ንግግር አብዛኛው ጽሑፍ ስለነበር ሁለት መስመር አቅጣጫ መጨመር የአንድ ጸሐፊ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ኦብሊቪየን ውስጥ ግን እያንዳንዱን ቃል ተዋናይ ይናገረዋል፤ ቃል ሁሉ ገንዘብና የዲስክ ቦታ ይፈጃል። ስለዚህ ንግግሩ አጠረ፣ አቅጣጫው ወደ ምልክቱ ተዛወረ። ምልክቱን ችላ ብሎ ለመጫወት የሚሞክር ሰው ብዙ ጊዜ የሚቸገረውም ቦታውን በቃል የሚነግረው ስለሌለ ነው።

የተጫዋቹ ክህሎቶች ቁጥርም ከሞሮዊንድ 27 ወደ ኦብሊቪየን 21፣ ከዚያም ወደ ስካይሪም 18 ወርዷል። መቀነስ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ዳገርፎል ለጭራቆች ቋንቋ ሳይቀር ክህሎት ነበረው፣ ጥቅሙ ግን እምብዛም ነው። ጦር እንደ መሣሪያ መጥፋቱ ግን ከባድ ነው። ከሁሉ የሚያስቆጨው በአየር መንሳፈፊያው አስማት መቅረቱ ነው። ሞሮዊንድ ውስጥ ቴልቫኒ የተባሉት ጠንቋዮች ግንባቸውን የሚሠሩት ያለ ደረጃ ነው፤ መንሳፈፍ የማይችል እንግዳ ወደ ጌታው ዘንድ አይወጣም። አስማቱ፣ የቤቱ አሠራርና የሰዎቹ ትዕቢት አንድ ላይ የተሸመኑ ነበሩ። ኦብሊቪየን ከተሞቹን ከውጭው ዓለም ለይቶ ለብቻ ስለሚጭን በቅጥር ላይ መብረር አይቻልም፤ ስለዚህ አስማቱ ወጣ፣ አብሮትም እንዲህ ያለ ሕንፃ ሊታሰብ የሚችልበት ዕድል ቀረ።

በዚያው ጌም ጠላቶች ከተጫዋቹ ደረጃ ጋር እኩል እየጠነከሩ ይሄዳሉ። መንገድ ዘግቶ መቶ ወርቅ የሚጠይቅ ሽፍታ፣ ተጫዋቹ ሲገንን፣ በዚያ ዓለም እጅግ ብርቅ የሆነ ጥሩር ለብሶ ይመጣል፤ ጥሩሩ የሚያወጣው ዋጋ ግን ከሚጠይቀው ገንዘብ እጅግ ይበልጣል። ስካይሪም ለየአካባቢው የደረጃ ወሰን በማበጀት ይህን አለዝቦታል። ውጊያውም ቢሆን ተሻሽሏል፤ ሞሮዊንድ ውስጥ ሰይፉ ጠላትን ሲነካ እየታየ በስውር ዕጣ ምክንያት «ሳተ» መባሉ እውነተኛ ጉድለት ነበር።

ሞሮዊንድ ውስጥ ማንንም መግደል ይቻላል። ለታሪኩ የሚያስፈልግ ሰው ሲሞት ታሪኩ የቆመበት የትንቢት ክር መበጠሱን የሚገልጽ መልእክት ይወጣል፤ ተጫዋቹ ወደ ኋላ ይመለስ ወይም በተበላሸው ዓለም ይቀጥል፣ ምርጫው የራሱ ነው። ዋናውን ጠላት የሚያሸንፍበት ሌላ አስቸጋሪ መንገድም ተትቶለታል። ኦብሊቪየንና ስካይሪም ውስጥ እንዲህ ያሉ ሰዎች ተመትተው ይወድቁና ጥቂት ቆይተው ይነሣሉ፤ ታሪኩም በታቀደለት መንገድ ይቀጥላል።